ያደረ ውሃ

አቶ ላቀው መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ዳንግላ ያስተማርኩት፣ አሁን ሽበት የጀማመረው አንድ ሰው መንገድ ላይ አገኘኝና ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ «ድሬሰር ላቀው እኮ አረፉ» አለኝ። «ማን ቀበራቸው?» አልኩት። «ዕድሩ ነዋ» አለ። «ከዘመድስ ማን መጣ?» ትንሽ አሰበና «እኔ ያየሁት የለም» አለኝ። ሰውዬው ሥራ ነበረበትና ተሰናብቶኝ ሄደ። እኔ ግን ለቅሶ ልድረስ ብል የምደርስለት ሰው እንደሌለ ገባኝና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለእሳቸው ብቻ ነበር ብል ውሸት ይሆናል።

ዳንግላ የተመደብኩት በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው። እትዬ ሙሉነሽ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። እትዬ ሙሉነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑባቸው የአገው ሴት ነበሩ። ሲደሰቱ በአማርኛ፣ ሲናደዱ በአገውኛ ይናገራሉ፤ ስለዚህ አገውኛ የማላውቀው እኔ ግማሹን ስድብ ሳልሰማው አልፌአለሁ። ከግቢው በግራ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች የያዙት አቶ ላቀው ናቸው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ስለሆኑ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ በየገጠሩ እየዞሩ ፈንጣጣ ይከትባሉ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ዓይናቸውን የገዛ እጃቸው ላይ የሚተክሉ ሰው ነበሩ። በሽተኛ ሲመጣ ያወራሉ፤ ጤነኛ ሰው ሲያገኙ ግን ቃል ያልቅባቸዋል።

እዚያ ግቢ በገባሁ በወሩ ገደማ አቶ ላቀው አንድ ጉድ አመጡ። ማዕዘኑን ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ በብረት ያሠሩት፣ አራት ጎኑ የመስኮት መስታወት የሆነ፣ መጋጠሚያው በስቱኮ የተደፈነ ገንዳ ነው፤ ሁለት ጎልማሶች እያቃሰቱ ተሸክመው አስገቡት። ጠጠር አጥበው ከታች አነጠፉበት። ከወንዝ ዳር የነቀሉትን የውሃ ሣር ተከሉበት። ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ሥር አስቀምጠው ውሃ ሞሉት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ውሃውን ያዩ ጀመር።

አንድ ሳምንት አዩት። ሁለት ሳምንት አዩት። ዳንግላ ትንሽ ከተማ ናት፤ «ድሬሰሩ ውሃ ያረባሉ» ተባለ። ገበያ ላይ «አቶ ላቀው፣ ውሃው ወለደ ወይ?» የሚሏቸው ነበሩ። እሳቸው ፈገግ ብለው ያልፋሉ። እኔም ትዕግሥቴ አለቀና አንድ ቀን «ዓሣ የሌለበት ውሃ ምኑ ይታያል?» አልኳቸው።

«ውሃው ገና ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «አዲስ ውሃ ባለጌ ነው። እንግዳ መቀበል አያውቅም። ማደር አለበት።»

ይህን የተማሩት በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት፣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ቤት ሲሠሩ ነው። ፈረንጁ ዓሣ በመስታወት ያኖር ነበር። አቶ ላቀው መጀመሪያ ሥራቸው ገንዳ ማጠብ ነበረ፤ ቁስል ማጠብ የመጣው በኋላ ነው። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነበር የሚሠሩት።

ችግሩ ቃሉ ላይ ነው። በእኛ አገር ያደረ ውሃ የሰነፍ ቤት ምልክት ነው። ደህና ባለቤት ጠዋት ማልዳ ምንጭ ትወርዳለች፤ የትናንቱን ትደፋለች። ያደረ ውሃ አጠጡኝ ብሎ ከአማቶቹ ጋር የተኳረፈ ሰው አውቃለሁ። እትዬ ሙሉነሽ በአቶ ላቀው በር ባለፉ ቁጥር ወደ ገንዳው አየት አድርገው በአገውኛ አንድ ነገር ያጉረመርሙ ነበር፤ ምስጋና እንዳልሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ዓሣውም በቀላሉ አልተገኘም። አቶ ላቀው ዓሣ በሕይወቱ ላመጣልኝ ዋጋውን እከፍላለሁ ማለታቸውን የሰማ አንድ ገበሬ፣ ስምንት ዓሣ በቅል ይዞ መጣ። ዓሦቹ በጎናቸው ተኝተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ሞተዋል እኮ!» አሉ አቶ ላቀው።

«ኧረ ምን በወጣቸው! ሰክረው ነው። ቆይተው ይበርድላቸዋል» አለ ገበሬው።

ለካ የያዛቸው በአገሩ ደንብ ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዙ ላይ በትኖ፣ የደነዘዘውን ዓሣ በእጁ እየለቀመ። እዚያ አገር ዓሣ የሚያዘው ለድስት ስለሆነ ቢሰክር ባይሰክር ግድ የሚሰጠው የለም። በሁለተኛው ቀን ስምንቱም ተንሳፈፉ። አቶ ላቀው ገበሬውን አልተቆጡም፤ የመርዙ ቅሪት እንዳይኖር ገንዳውን አጥበው፣ ውሃ ሞልተው፣ እንደገና ሦስት ሳምንት ተቀመጡ። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ወንዝ ገቡና አመልካች ጣት የሚያካክሉ አምስት ዓሦች በቅርጫት ያዙ።

ገንዳው ውስጥ ግን ወዲያው አልገለበጧቸውም። ዓሦቹ ያሉበትን ቅል ውሃው ላይ አንሳፍፈው ለረጅም ጊዜ ጠበቁ፤ ከዚያ ከገንዳው ውሃ በጭልፋ እየቀዱ ወደ ቅሉ ጨመሩ። «ድንገት ብርድ ቤት የገባ ሰው እንኳ ያንቀጠቅጠዋል» አሉኝ። ለምን አምስት ብቻ እንደሆኑ ስጠይቃቸው «ለአንድ ዓሣ አንድ ባልዲ ውሃ። ከዚያ ካለፈ እስር ቤት ነው» አሉ።

የሚመግቧቸው የትንኝ እጭ ነበር። ጤና ጣቢያው ወባ ለመከላከል አስደፉ የሚለውን ያቆረ ውሃ እሳቸው ከመድፋታቸው በፊት እጩን በጠርሙስ ያጠራቅሙ ነበር። አንዳንዴም የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በሁለት ጣታቸው እያደቀቁ ይሰጧቸዋል። ሁዳዴ ሲገባ እትዬ ሙሉነሽ እንቁላል አልቀቅልም አሉ።

«እነሱም ይጹሙ።»

«እትዬ፣ ዓሣ ክርስቲያን አይደለም እኮ» አሉ አቶ ላቀው።

«በክርስቲያን ቤት ይኖር የለ!»

ክርክሩን እትዬ ሙሉነሽ አሸነፉ። ዓሦቹ እስከ ፋሲካ በእጭ ኖሩ፤ እጭ ጾም ይሁን ፍስክ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አንድ ቀን ያዘንኩላቸው መስሎኝ አንድ እፍኝ የዳቦ ፍርፋሪ በተንኩባቸው። አቶ ላቀው ከሥራ ሲመለሱ አዩት። ማንኪያ አምጥተው ፍርፋሪውን አንድ በአንድ ለቀሙ። ሲጨርሱ ነው «ዓሣን ረሃብ አይገድለውም፤ ደግነት ነው የሚገድለው» ያሉኝ።

አቶ ላቀው ልጅ አላቸው። ሚስታቸው ጠቅላይ ግዛት አልወርድም ብላ አዲስ አበባ ቀርታ፣ በኋላም ፈትታቸው ሌላ አግብታለች። ልጅቱ፣ ሮማን፣ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አቶ ላቀው በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጽፉላታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ አላገኙም። አንድ ቀን ደብዳቤውን አሳዩኝ። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ በርትተሽ ተማሪ» ይላል፤ አለቀ። እኔም ብሆን አልመልስም ነበር።

«ስለ ዓሦቹ ይጻፉላት» አልኳቸው።

በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። አቶ ላቀው ደብዳቤውን ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ግማሽ ገጽ ናት። «አባባ፣ ዓሣ ቤት ውስጥ ይኖራል? ስማቸውስ ማን ነው?»

«ስም ያስፈልጋቸዋል እንዴ?» አሉኝ ተጨንቀው።

ስሙን ራሷ እንድታወጣ ተስማማን። አቶ ላቀው የአምስቱን መልክ ጻፉ፤ አንዱ ጅራቱ የተሸረከተ፣ አንዷ ሆዷ ነጭ፣ አንዱ ወፍራም ሆዳም። ስሞቹ በፖስታ መጡ። ሻምበል፣ ወይዘሪት፣ ሎሚ፣ ጨረቃ፣ ዳቦ። ሆዳሙ ዳቦ ነው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ተከታተለ። አባቷን አንተ እያለች ትጽፋለች፤ «ዳቦን አታስርበው» ትላለች። ግንቦት ላይ «ትምህርት ሲዘጋ ዓሦቹን ላያቸው እመጣለሁ፣ እማማ ፈቅዳለች» የሚል መጣ። ያን ቀን አቶ ላቀው ጤና ጣቢያ ሄደው ደብዳቤውን ለበሽተኞች አነበቡላቸው ተብሎ ተወራ። አላመንኩም ነበር፤ በኋላ ግን አንድ እግሩን የታከመ ሰው ቃል በቃል ነገረኝ።

አምስቱ ዓሦች እስከ ሐምሌ መኖር ነበረባቸው። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነበር። አቶ ላቀው ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ገንዳው ፊት ተንበርክከው መቁጠር ነበር፤ ከዚያ ነው ፊታቸውን የሚታጠቡት። ማሽን የሚባል ነገር ስላልነበረ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱታል፤ አየር ለመስጠት ነው ይላሉ።

ልጅቱ ልትመጣ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀር ለክትባት ወደ እንጅባራ፣ ጥሊሊና አዘና እንዲወጡ ታዘዙ። እምቢ ማለት አይቻልም። በቅሎው ተጭኖ በር ላይ ቆሞ ቁልፋቸውን ሰጡኝ።

«ቅዳሜ ሲሶውን ብቻ ቅጂ። ሲሶ! ግማሽ አይደለም። የምትጨምሪውን ውሃ ከአንድ ቀን በፊት በባልዲ አሳድሪው። ምግብ በሁለት ጣት፤ ከተረፈ አውጪው። ሳሙናም አመድም እንዳይነካው። መስታወቱ አረንጓዴ ቢያወጣ አትደንግጪ፣ ጤና ነው።» ትንሽ ሄዱና ተመለሱ። «ሲሶ ነው ያልኩሽ» አሉ።

ስምንት ቀን እንዳሉኝ አደረግሁ። በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ፣ እትዬ ሙሉነሽ የአቶ ላቀውን ቤት ለእንግዳ ሊያዘጋጁ ገቡ። ወለሉን በእበት ለቀለቁ፣ አንሶላውን አጠቡ፣ ግድግዳውን ጠረጉ። ከዚያ ጠሩኝ።

«አንቺ መምህርት፣ ነዪ እስቲ። ይሄ ምንድነው?»

ገንዳው አረንጓዴ አውጥቷል። ዓሦቹ የሚታዩት ወደ መስታወቱ ሲጠጉ ብቻ ነው።

«እሳቸው እንዲህ ነው የሚፈልጉት፣ እትዬ።»

«የአዲስ አበባ ልጅ መጥታ አባቷን ያደረ ውሃ ታቅፎ ታግኘው? እናቷስ ምን ትላታለች? አባትሽን የሚያየው ሰው የለም ወይ አትላትም?»

«ሲሶውን ብቻ እንቀንሰው» አልኩ።

«ሲሶ! ፊቱን ሲሶ የታጠበ ሰው ታጠበ ይባላል?» አሉና የገንዳውን አንድ ጎን ያዙ።

ሌላውን ጎን የያዝኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ለራሴ የማቀርበው ሰበብ አላጣሁም፤ ታላቅ ሰው ናቸው፣ የቤቱ ባለቤት ናቸው፣ አንድ ቀን ምን ያመጣል ብያለሁ። እውነቱ ግን እኔም አፍሬ ነበር። የከተማ ልጅ መጥታ ያን አረንጓዴ ውሃ አይታ ትስቅብናለች ብዬ ፈራሁ። ዓሦቹን በሳፋ አድርገን፣ ብዙውን ውሃ በባልዲ ቀድተን፣ ገንዳውን ግቢ አውጥተን ደፋን። በአመድና በጭድ ፈተግነው። መልሰን አስገብተን ከምንጭ በእንስራ ተመላልሰን ሞላነው፤ ሁለቱን እንስራ እኔ ተሸከምኩ። የምንጩ ውሃ በክረምት ጥርስ ያማል። ዓሦቹን ስንገለብጣቸው ወዲያና ወዲህ ተወረወሩ፤ ደስ ብሏቸው ነው ተባባልን።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱን ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ዳቦ እስከ እኩለ ቀን ቆየ።

አቶ ላቀው ከሰዓት በኋላ በዝናብ በስብሰው ደረሱ። ቀድመው የወጡት እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። «ምን ዓይነት ዓሣ ነው አቶ ላቀው፣ ንጹሕ ውሃ የሚገድለው? አጥቤ፣ በምንጭ ውሃ ሞልቼ ብሄድ እንዲህ ሆነው ጠበቁኝ!» አሉ። ከልባቸው አዝነዋል፤ ጥፋተኛ መሆናቸውን ግን አልጠረጠሩም። አቶ ላቀው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ገንዳውን አዩ፣ እጃቸውን አዩ።

«ጊዜያቸው ደርሶ ይሆናል፣ እትዬ» አሉ።

እትዬ ሙሉነሽ እንባቸውን ጠርገው ሲሄዱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የተማሪ ካርድ ልትሞዪ ትምህርት ቤት ሄደሽ ነው። ብትኖሪ ኖሮ ታስቆሚያቸው ነበር» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ሙሉነሽን የገደላቸው ውሃው መሆኑን እንዳትነግሪያቸው ብለው ለመኑኝ፤ «ለሚወዱት እንግዳ ያደረ ውሃ አይሰጡም። እሳቸው የሚያውቁት ይሄን ነው» አሉኝ። እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቅርጫታቸውን ይዘው ወንዝ ወረዱ። ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ ያንከባልላል። ጭቃ በጭቃ ሆነው ባዶ ቅርጫት ይዘው ተመለሱ።

ሰኞ አውቶቡስ ልንቀበል አብረን ሄድን። ሮማን ከአክስቷ ጋር ወረደች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የአባቷን ጎባጣ ትከሻ የወሰደች ልጅ ናት። አባቷን ስማ ሳትጨርስ «አባባ፣ ዳቦ አደገ?» አለች። አቶ ላቀው ቤት እስኪደርሱ መጠበቅ ይችሉ ነበር። አልጠበቁም።

«ሞተዋል፣ ልጄ።»

«ዳቦ?»

«ዳቦም።»

«ሎሚስ?»

«ሎሚም።»

አምስቱንም በየስማቸው ጠየቀች፤ አምስቱንም በየስማቸው መለሱላት። እኔ ሻንጣዋን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። «ማን ገደላቸው?» አለች። «ውሃው ቀዘቀዘባቸው» አሉ። የማንንም ስም አልጠሩም።

አራት ቀን ቆየች። አራቱንም ቀን ዘነበ። ባዶው ገንዳ ፊት ትቀመጣለች፤ አባቷ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ዓሦቹ በሌሉበት የሚያወሩት አልነበራቸውም። በግድግዳው በኩል አንድ ጊዜ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ «በርትተሽ ተማሪ» ይሏታል። በአምስተኛው ቀን አውቶቡስ ላይ ስትወጣ አክስቷ «አባትሽን ተሰናበቺ እንጂ» አለቻት። ልጅቱ ዞር ብላ «ደህና ይሁኑ» አለች። በደብዳቤ አንተ ትላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ መልስ አልመጣም። እሳቸው ግን መጻፋቸውን አላቆሙም። እኔ በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወርኩ፤ እስከዚያ ድረስ ሮማን ተመልሳ አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላ መጥታ እንደሆነም የነገረኝ የለም።

ከመዛወሬ በፊት፣ ጥቅምት ላይ ወንዙ ሲጠራ፣ አቶ ላቀው አራት ዓሦች ይዘው መጡ። ስም አላወጡላቸውም። ኅዳር ሲገባ እንደገና ለክትባት ታዘዙ። ጠዋት በሬን አንኳኩ፤ በቅሎው ተጭኗል፣ ቁልፉ በእጃቸው ነው።

«ለአንድ ሳምንት ነው» አሉና ዘረጉልኝ።

እጄን አልዘረጋሁም። አራት ወር ያፈንኩት ነገር ወጣ። «አቶ ላቀው፣ ያን ጊዜ እኔም ነበርኩ። ገንዳውን አብሬ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ውሃውንም ተሸክሜያለሁ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«መቼ አወቁ?»

«ሰንብቼ ሳስበው። እትዬ ሙሉነሽ ብቻቸውን ሊያነሱት አይችሉም።»

በቅሎው እግሩን እያነሳ ይጥላል። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ይቅር ብዬሻለሁ ቢሉኝም ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ እያወቁ ቁልፉን ለምን ለእኔ ይሰጡኛል?» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ብቻ ዓይናቸውን ከእጃቸው ላይ አንስተው አዩኝ።

«ለማን ልስጠው፣ ልጄ?» አሉ። «ሌላ ሰው የለኝም።»